ስፓርክ 20 ወይስ ጋላክሲ ኤ05? ከቦርደዴ ሆኖ ሲመረጥ

ከአዋሽ ተነስቶ ወደ ጭሮ ለሚያቀና መንገደኛ ቦርደዴ ላይ ሐረርጌ ይጀምራል። የቆላው ሙቀት ገና አልለቀቀም፣ የጭሮ ደጋ ነፋስም ገና ሩቅ ነው። ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር የሚሄደው ጭነት በዚህ አስፋልት ያልፋል፤ ከምሥራቅ የሚመጣው ሸቀጥም እንዲሁ፣ ስልኩ ጭምር። ከብት ሸጦ የሚመለሰው አርብቶ አደር፣ ከበዴሳና ከገለምሶ ጫት የሚያስጭነው ነጋዴ፣ ትምህርቱን ጭሮ የሚከታተለው ተማሪ ስልክ ሊገዙ ሲነሱ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ሳምሰንግ ይሻላል ወይስ ቴክኖ?

በጥቅሉ ከተጠየቀ መልስ የለውም። ሁለቱም ኩባንያዎች ከርካሽ እስከ ውድ በርካታ ዓይነት ስልክ ይሠራሉ። ስለዚህ አንድ ለአንድ ማጋጠም ይሻላል፦ ሳምሰንግ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ያስተዋወቀው ጋላክሲ ኤ05 በአንድ ወገን፣ ቴክኖ ከጥቂት ወራት በኋላ ያወጣው ስፓርክ 20 በሌላው። ሁለቱም የመካከለኛ ኪስ ስልኮች ናቸው። ዋጋቸውን እዚህ ማስፈር ግን ትርፉ ማሳሳት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን ተሻግሯል፤ የስልክ ዋጋም አብሮት ሲሮጥ ከርሟል።

ሱቅ ውስጥ የማይነገር አንድ እውነት አለ። የሁለቱም ስልኮች ፕሮሰሰር አንድ ነው። ሚዲያቴክ የተባለው የታይዋን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ሄሊዮ ጂ85 ነው። ሥራ ሲከብድ የሚነሱ ሁለት ፈጣን ኮሮችና የዘወትሩን ሥራ የሚሸከሙ ስድስት ቆጣቢ ኮሮች አሉት። ሁለቱም ስልኮች እስከ 4ጂ ድረስ ብቻ ይሠራሉ፤ የሁለቱም ባትሪ 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት፣ የሁለቱም ዋና ካሜራ 50 ሜጋፒክስል ነው። በዚያው አስፋልት ላይ ሞተራቸው አንድ ሆኖ ጋቢናቸው የተለያየ ሁለት አይሱዙዎች እንደማለት ነው። ሻጩ “ይሄኛው ይፈጥናል” ሲል፣ ስለ ፕሮሰሰሩ ከሆነ የሚያወራው፣ ልዩነት የለም።

ልዩነቱ ራም ላይ ይጀምራል። ኤ05 በ4 ወይም በ6 ጊጋባይት ራም ሲመጣ ስፓርክ 20 በ8 ጊጋባይት ለገበያ ቀርቧል። ይህ እውነተኛ ብልጫ ነው፤ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ቴሌብር አንድ ላይ ተከፍተው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘለል በጉልህ ይታያል። በማስታወቂያው ላይ የሚነበበው “16 ጊጋባይት ራም” ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ግማሹ ከማከማቻው የተበደረ ነው፤ ማከማቻ ደግሞ ፍጥነቱ ከራም በብዙ ያንሳል። ሳምሰንግም በስልኮቹ ላይ ይህንኑ ዘዴ ይጠቀማል፤ ስልኩ ሲጣበብ ትንሽ ያስተነፍሰው እንደሆነ እንጂ 8ቱን 16 አያደርገውም።

ካሜራ ላይ ቴክኖ በተለይ የፊቱን አጠንክሮ መጥቷል። የሰልፊ ካሜራው 32 ሜጋፒክስል ሲሆን የኤ05 8 ነው። የቁጥሩ ብዛት ብቻውን ፎቶ አያሳምርም፤ ከኋላ ያሉት 50 ሜጋፒክስሎች እንኳ ዘወትር አራት አራት እየተጣመሩ ወደ 12 ገደማ ሜጋፒክስል ፎቶ ነው የሚሰጡት። የቴክኖ እናት ኩባንያ ትራንሽን በአፍሪካ የገነነው ግን በቁጥር አይደለም። ሌሎች ቸል ያሉትን የጠቆረ ቆዳ በደንብ የሚያነሳ ካሜራ ላይ በመሥራቱ ነው። ችግሩ አሮጌ ነው፤ በፊልም ዘመን ኮዳክ የቀለም ልኬቱን ያስተካክል የነበረው በነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ዛሬ በአፍሪካ ከሚሸጡት ስማርት ስልኮች ግማሽ ያህሉ ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ በሚባሉት የትራንሽን ስሞች የሚወጡ ናቸው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያም ስልክ ይገጣጥማል።

ስክሪኑ ብዙ አያከራክርም። ኤ05 በ6.7 ኢንች በጥቂቱ ይሰፋል፤ ስፓርክ ደግሞ ምስሉን በሰከንድ 90 ጊዜ ስለሚያድስ ገጽ ሲገፋ ለዓይን ይለሰልሳል። የሁለቱም ጥራት 720 ፒክስል ነው። ድምፅ ለሚወድ ስፓርክ ሁለት ስፒከር አለው፣ ኤ05 አንድ።

ቦርደዴ ላይ ከዚህ ሁሉ በላይ የሚቆጠረው የቻርጅ ነገር ነው። መብራት ጠፍቶ ለአጭር ጊዜ ሲመለስ፣ ወይም ከገጠር ከተማ የገባ ሰው ጉዳዩን እስኪጨርስ ስልኩን ሰክቶ ሲጠብቅ፣ እያንዳንዷ ደቂቃ ትቆጠራለች። ኤ05 እስከ 25 ዋት ይቀበላል፤ ስፓርክ 20 እስከ 18። በዚህ ሳምሰንግ ይቀድማል፣ ግን አንድ እንከን አለበት፦ በብዙ አገር ገበያ ካርቶኑ ውስጥ ቻርጀር አይጨምርም። ገዢው ከመንገድ ዳር ርካሽ ቻርጀር ከገዛ 25 ዋቱ በወረቀት ላይ ይቀራል። ሙቀቱም አለ። ሳምሰንግ ስልኮቹ ከዜሮ እስከ 35 ዲግሪ ባለው አየር እንዲሠሩ መሠራታቸውን ይገልጻል፤ በቆላው ሞቃት ወራት ቀትር ላይ ይህ ልክ በቀላሉ ይታለፋል። ፀሐይ ላይ ወይም መኪና መስታወት ሥር ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ቶሎ ያረጃል።

ቀጥሎ የገንዘቡ ጉዳይ ይመጣል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ስልኩ ራሱ ኪስ ሆኗል፤ የጫት ሂሳብም የከብት ሂሳብም በእሱ ያልፋል። እዚህ ላይ ሁለቱም ስልኮች ያሳማሉ። ኤ05 የጣት አሻራ መክፈቻ የለውም፤ በ2016 ዓ.ም. ለወጣ ስልክ ይህ ይቅር የማይባል ንፍገት ነው። ስፓርክ 20 አሻራውን ጎኑ ላይ ይዟል። በሌላ በኩል ሳምሰንግ ለኤ05 የአራት ዓመት የደኅንነት ማሻሻያና የሁለት ዙር የአንድሮይድ እድገት ቃል ገብቷል። የቴክኖ ስፓርክ ግን የሚሸጠው በዕድሜ ዋስትና ሳይሆን በሚታየው ነገር ነው። የደኅንነት ማሻሻያ ሌቦች የሚገቡበትን የሶፍትዌር ቀዳዳ የሚደፍን በመሆኑ፣ በስልኩ ብዙ ገንዘብ ለሚያንቀሳቅስ ነጋዴ ቀላል ነገር አይደለም። አራቱ ዓመታት የሚቆጠሩት ግን ስልኩ ከወጣበት ጊዜ ነው። በ2018 ዓ.ም. አዲስ ኤ05 ከካርቶን የሚያወጣ ሰው ከቃሉ ግማሹ ያለፈበትን ነው የሚገዛው።

እንግዲህ አንዱ ይመረጥ ከተባለ፣ ስልኩን ሁለት ዓመት ተጠቅሞ ለሚቀይር ወጣት ስፓርክ 20 ያመዝናል፤ ራሙ፣ አሻራውና የፊት ካሜራው በየቀኑ የሚዳሰሱ ናቸው። ኤ05 የሚያዋጣው ጥሩ ቻርጀር ጨምሮ ለመግዛት አቅሙ ላለውና ስልኩን ቶሎ ለማይቀይር ሰው ነው፣ ያውም ዋጋው ከስፓርኩ ጉልህ ቅናሽ ካለው።

ከሁሉ የሚከፋው የስም ማምታታት ነው። ኤ05ኤስ ሌላ ስልክ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ስናፕድራገን 680 ነው፣ ስክሪኑ 1080 ፒክስል ነው፣ የጣት አሻራም አለው። ስፓርክ 20 ፕሮ ሄሊዮ ጂ99ና 108 ሜጋፒክስል ካሜራ ይዞ ከመደበኛው ስፓርክ 20 ሲበልጥ፣ ስፓርክ 20ሲ ደግሞ ከእሱ ያንሳል። የአንዲት ፊደል ልዩነት የብዙ ሺህ ብር ልዩነት ነው። በምሥራቁ መስመር በኮንትሮባንድ የሚገባው ስልክ በርካሽ ቢገኝም ዋስትና አይኖረውም፣ አንዳንዱም ታድሶ እንደ አዲስ የታሸገ ነው። ገንዘብ ከመቁጠር በፊት *#06# ደውሎ የሚመጣውን ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ማስተያየት፣ በሴቲንግ ውስጥ የሞዴሉን ስምና የራሙን ልክ ማንበብ፣ ሁለቱንም ሲም አስገብቶ መደወል፣ ቻርጀሩንም እዚያው ሰክቶ ማየት ይገባል። ሻጩ መብራት የለም ካለ፣ መብራት ሲመጣ ተመልሶ መግዛት ይቻላል።