የትምህርት ቤቱን ወጪ የሚሸከመው ማን ነው?



ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ የሚኖር አንድ ሸማኔ አለ። ልጁ የሚማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ጠርቶ፣ የሚያፈሰውን የክፍል ጣሪያ ለማደስ እያንዳንዱ ወላጅ 300 ብር እንዲያዋጣ ሐሳብ ቀረበ። መዋጮው በፈቃደኝነት ነው ተባለ። ሁሉም እጁን ሲያወጣ እርሱም አወጣ። ገንዘቡ ግን አልሞላለትም። ልጁ ለሁለት ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀረ። ለጥየቃ ወደ ቤታቸው በሄድሁ ጊዜ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ማግ በቀሰም ሲያጠነጥን አገኘሁት። ያባረረው ሰው አልነበረም። «የከፈሉ ሰዎች ስም ሲጠራ አፈርሁ» አለኝ።

ለዚህ ልጅ 300 ብሩን ከፕሮጀክታችን መክፈል ቀላል ነው፤ ከፈልንም። ሆኖም በዚያው መንደር ስንት እንዲህ ያለ ልጅ አለ? በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ጣሪያው ሳይሆን አጥሩ ይሆናል። ስለዚህ ለምእመናንም ሆነ ለፕሮጀክት ሠራተኞች አንድ ጥያቄ ማብራራት አስፈላጊ ሆኖ አገኘሁት። ይኸውም የትምህርት ቤት ገንዘብ ከየት ይመጣል? ሸክሙስ በማን ላይ ይወድቃል? የሚለው ነው።

ሦስት ኪሶች

አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሦስት ኪሶች ይተዳደራል። የመጀመሪያው የመንግሥት ግምጃ ቤት ነው። ክልሎች ከፌዴራል መንግሥት በቀመር የሚከፋፈል ድጎማ ሲያገኙ፣ አዲስ አበባ በጀቷን የምትሸፍነው በአብዛኛው ከራስዋ ነዋሪዎችና ነጋዴዎች በምትሰበስበው ግብር ነው። ከዚህ በጀት ለትምህርት የሚመደበው መደበኛ ወጪ አብዛኛው ለመምህራን ደመወዝ ይውላል። ለጠመኔ፣ ለመጻሕፍት፣ ለቤተ ሙከራና ለጥገና የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ኪስ የኅብረተሰቡ መዋጮ ነው፤ በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል ይሰበሰባል። ሦስተኛው የእያንዳንዱ ወላጅ ኪስ ነው፤ ደብተር፣ ጫማ፣ ማስጠኛ፣ የልጁ ምሳ የሚወጣው ከዚህ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ኪስ ሲሳሳ ሁለተኛውና ሦስተኛው መሙላት አለባቸው። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ እኩል መዋጮ እኩል ሸክም አይደለምና። በወር 6,000 ብር ለሚያገኝ ሸማኔ 300 ብር ከመቶ 5 እጅ ነው። 60,000 ብር ለሚያገኝ ሰው ግን ከመቶ ግማሽ እጅ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ወላጆቹ ሻል ያሉበት ሰፈር ትምህርት ቤት ብዙ ይሰበስባል፤ እንጨት ተሸካሚዎችና ቀን ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚልኩበት ትምህርት ቤት ጥቂት ይሰበስባል። ሁለቱም «የመንግሥት ትምህርት ቤት» ይባላሉ፤ በውስጣቸው ያለው ግን አንድ አይደለም።

ከ1940 ዓ.ም. የምንማረው

ይህ ጥያቄ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር አዋጅ ቁጥር 94 ወጣ። ግብሩ የሚጣለው በገጠር መሬት ላይ ሲሆን፣ የሚሰበሰበውም በዚያው ጠቅላይ ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ታዘዘ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ በሥራ ሲውል ግን ሁለት ጉድለት ታየበት።

አንደኛ፣ ባለርስቱ ግብሩን በጭሰኛው ላይ ያስተላልፍ ነበር። ስለዚህ በሕግ ከፋዩ ባለመሬቱ ቢሆንም በተግባር የከፈለው አራሹ ነው። ሁለተኛ፣ በዚያን ዘመን ትምህርት ቤቶችና ተማሪዎች በብዛት የነበሩት በአዲስ አበባ፣ በሸዋና በኤርትራ ነበር። በሩቅ አውራጃ የሚኖር ገበሬ የትምህርት ግብር እየከፈለ ልጁ ግን የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ አደገ። እንግዲህ ግብር ሲጣል «ማን ይከፍላል?» ብቻ ሳይሆን «በመጨረሻ ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ ያርፋል? ጥቅሙስ ለማን ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ ከዚህ እንማራለን።

በኋላም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል በነጻ እንዲሰጥ ወሰነ። በዚያን ጊዜ ከ3 ሚሊዮን በታች የነበሩት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በ2008 ዓ.ም. ገደማ ወደ 20 ሚሊዮን ደረሱ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን አገሪቱ የምትሰበስበው ግብር ከጠቅላላ ምርቷ ከመቶ 10 እጅ እንኳ የማይሞላ በመሆኑ፣ በሩ ሲከፈት ማዕዱ በዚያው ልክ አልሰፋም።

ዛሬስ ግብሩን የሚከፍለው ማን ነው?

ብዙዎች «ድሀ ግብር አይከፍልም» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። ከታኅሣሥ 1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የተጨማሪ እሴት ታክስ ከመቶ 15 ነው። በ115 ብር ከተገዛ ዕቃ ውስጥ 15 ብሩ ግብር ነው። ለምሳሌ ያ 6,000 ብር የሚያገኘው ሸማኔ በወር የ1,150 ብር ታክስ ያለበት ሳሙና፣ ጫማና የመሳሰለውን ቢገዛ 150 ብር ግብር ከፈለ ማለት ነው፤ ይህም ከገቢው ከመቶ ሁለት እጅ ተኩል ነው። 100,000 ብር የሚያገኝ ሰው አምስት እጥፍ ቢገዛ 750 ብር ይከፍላል፤ ከገቢው ግን ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም።

የደመወዝ ግብርም እንደዚሁ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሕግ ከግብር ነጻ የነበረው የወር ደመወዝ 600 ብር ብቻ ነበር። የዕቃ ዋጋ ብዙ እጥፍ ሲንር ይህ ወሰን ሳይነካ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆየ፤ ስለዚህ ጥበቃውም የጽዳት ሠራተኛዋም ከእጅ ወደ አፍ ከሆነው ደመወዛቸው ግብር ይቆረጥባቸው ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ወሰኑ ወደ 2,000 ብር ከፍ ማለቱ ለእነዚህ ወገኖች እፎይታ ነው።

በሌላው በኩል በከተማችን ትልቁ ሀብት ቤትና ቦታ ነው። በዚህ ላይ የሚከፈለው ግብር ግን መሠረቱ የ1968 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 80 ሆኖ፣ ከቤቱ ዋጋ ጋር በማይመጣጠን አሮጌ ተመን ለአሥርተ ዓመታት ኖሯል። የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2015 ዓ.ም. የጣሪያና ግድግዳ ግብርን ከፍ አደረገ፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ። በመርሕ ደረጃ ባለ ብዙ ሀብት ብዙ ቢከፍል ተገቢ ነው። ሆኖም ጥንቃቄ ያሻል። በጉለሌ ከባልዋ በወረሰችው አሮጌ ቤት የምትኖር መበለት ቦታዋ ውድ ቢሆንም ኪስዋ ባዶ ነው። ሀብትንና ገቢን ሳይለይ የሚጣል ግብር እርሷን ከባለ ፎቁ ጋር ይደባልቃታል።

የሌሎች አገሮች ትምህርት

በአሜሪካ አገር ትምህርት ቤቶች ገንዘባቸውን በከፊል የሚያገኙት በየአካባቢያቸው ከሚሰበሰብ የንብረት ግብር ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ከተማ፣ ኤጅውድ የሚባለው የድሆች ሰፈር ከንብረቱ ግምት በየ100 ዶላሩ 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም ይከፍል ነበር። አላሞ ሃይትስ የሚባለው የሀብታሞች ሰፈር 85 ሳንቲም ይከፍል ነበር። ታዲያ ከዚህ ግብር ለአንድ ተማሪ የተገኘው በኤጅውድ 26 ዶላር፣ በአላሞ ሃይትስ 333 ዶላር ነበር! ከፍ ባለ መጠን የከፈለው ድሀው ሰፈር ሲሆን ብዙ ያገኘው ሀብታሙ ነው። የኤጅውድ ወላጆች እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢደርሱም በ1973 እ.ኤ.አ. አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ተረቱ። የእኛ የሰፈር መዋጮ መልኩ ሌላ ይሁን እንጂ መንገዱ ይኸው ነው።

ገንዘብ ብቻውን ያስተምራልን?

አያስተምርም። በ1966 እ.ኤ.አ. በዚያው በአሜሪካ የወጣው የኮልማን ጥናት፣ ከትምህርት ቤቱ ይልቅ የቤተሰቡ ኑሮ በልጁ ውጤት ላይ እንደሚያይል አሳየ። ነገር ግን በ1983 እ.ኤ.አ. ሄይንማንና ሎክስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች 29 አገሮችን ሲያነጻጽሩ፣ በድሀ አገሮች የመምህሩና የትምህርት ቤቱ ጥራት የሚያመጣው ለውጥ ከበለጸጉት አገሮች የላቀ መሆኑን አገኙ። በቤቱ መጽሐፍ ለሌለው ልጅ ያለው አንድ መጽሐፍ የትምህርት ቤቱ ነውና።

የእኛን አገር ሁኔታ የ12ኛ ክፍል ፈተና ይነግረናል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም. ውጤቱ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ቢልም ገና ብዙ ይቀራል። ለዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ሆኖም መጽሐፍና ቤተ ሙከራ በሌለበት፣ ሆድም በተራበበት ትምህርት እንደማይገባ መምህራን ሁሉ ያውቃሉ።

መልካም ምሳሌም አለን። በ2007 ዓ.ም. ገደማ የእናት ወግ የተባለ የበጎ አድራጎት ማኅበር በከተማችን ትምህርት ቤቶች የተራቡ ተማሪዎችን መመገብ ጀመረ። በ2012 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ሥራውን ተረክቦ 300 ሺህ ለሚጠጉ ልጆች ቁርስና ምሳ አቀረበ፤ ቁጥሩም ከዚያ ወዲህ አድጓል። ምጽዋት መንገዱን አሳየ፤ ግብር አጸናው። የተመጋቢው ልጅ ስም በስብሰባ አይጠራም፤ ሁሉም በአንድነት ይበላልና።

እኛስ ምን እናድርግ?

የፕሮጀክት ሠራተኞች ደብተር ስታከፋፍሉ የትምህርት ቤቱን በጀትም ጠይቁ። ስንት ተመደበ? በምን ላይ ዋለ? በወላጅ መምህር ኅብረት ውስጥ ያላችሁ ምእመናን መዋጮ ሲወሰን እንደ አቅም እንዲሆን፣ ያልከፈለም ወላጅ ስም በሰው ፊት እንዳይነበብ ተከራከሩ።

ዕቃ ስትገዙ ደረሰኝ ጠይቁ። ያለ ደረሰኝ የተከፈለው 15 ብር ከድሀው ኪስ ወጥቶ ግምጃ ቤት ሳይደርስ ይቀራል። ነጋዴ ወንድሞችና እኅቶችም አንድ ነገር አስቡ። አሥራቱን ቆጥሮ የሚሰጥ ሰው ሽያጩን ከግብር ከሸሸገ፣ በአንድ እጁ ለተማሪው የሰጠውን በሌላ እጁ ወስዷል።

ያ ልጅ ዛሬ ወደ ክፍሉ ተመልሷል። ጣሪያው ግን ገና አልተጠገነም፤ የተዋጣው አልበቃም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቀሪውን ከወረዳው በጀት ለመጠየቅ ወላጆች ማመልከቻ ጽፈዋል። አባቱም ከፈራሚዎቹ አንዱ ነው።