ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ መሆንና የአዲስ ቤት ዋጋ

በአዋጅ ቁጥር 285/1994 መሠረት ያገለገለ መኖሪያ ቤት ሽያጭ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ሲሆን፣ የአዲስ ቤት ሽያጭ ግን 15 በመቶ ይከፈልበት ነበር።

ለአብነት የተመዘገበ ገንቢ ቤቱን 1 ሚሊዮን ብር ቢሸጥ ከገዥው 150 ሺህ ብር ታክስ ይሰበስባል። ለሲሚንቶና ለብረት 90 ሺህ ብር ታክስ ከፍሎ ከሆነ ያንኑ በደረሰኝ ቀንሶ 60 ሺህ ብር ገቢ ያደርጋል። ሽያጩ ነፃ ቢደረግ ግን 90 ሺህ ብሩ ተቀናሽ ስለማይሆን በቤቱ ዋጋ ላይ ይታከላል። በመሆኑም ገዥው የሚያገኘው ቅናሽ 150 ሺህ ሳይሆን 60 ሺህ ብር ብቻ ይሆናል።

አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 በመተካቱ፣ የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ውሳኔ ከመስጠታቸው በፊት ሽያጩ የተፈጸመበትን ቀንና በወቅቱ የጸናውን ሕግ ሊያረጋግጡ ይገባል።