ልብስን በካውያ ስለ መተኰስ

እናት ከቀን ሥራዋ ደክማ ሳለች ማታ የልጇን የትምህርት ቤት ልብስ በከሰል ካውያ ትተኵሳለች። ልጁ ግን በማግሥቱ ገና ሳይረፍድ በሜዳ ሮጦ ያጨማድደዋል። እንግዲህ ድካሟ ከንቱ ነውን?

ለማማር ብቻ ከሆነ ጥቅሙ ጥቂት ነው። እርጥብ ሳለ አራግፈው በገመድ ላይ አቅንተው የሰጡት ልብስ ያለ ካውያም ደኅና ሆኖ ይደርቃል፤ ከሰሉም ይተርፋል።

ነገር ግን የልብስ ቅማል የሚሸሸገው፥ ቅጫሙንም የሚጥለው በስፌት ውስጥ ነው። ሻርል ኒኮል የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በቱኒስ ከተማ ሳለ የተስቦ በሽተኞች ታጥበው ልብሳቸውን ከለወጡ በኋላ በሽታውን ለሌላ ሰው እንዳያጋቡ ተመለከተ፤ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1909 ዓመትም ተስቦን የሚያጋባው ቅማል እንደ ሆነ ፈትኖ አስረዳ። ግርሻ የሚባለውም ትኩሳት በቅማል ይጋባል።

ቅማሉም ቅጫሙም በጋለ ካውያ ይሞታሉ። ስለዚህ ቅማል ባለበት ቤት የሚተኵስ ሰው አስቀድሞ ልብሱን ይገልብጥ፤ በአንገትጌው፥ በብብቱና በወገቡ ስፌት ላይ ካውያውን ቀስ አድርጎ ያሳልፍ። ፊት ለፊቱ ብቻ የተተኰሰለት ልጅ አምሮበት ሲታከክ ይውላልና። ከሰሉ ግን በደጅ ይቀጣጠል፤ በሚተኵሱበትም ጊዜ መስኮቱና በሩ ይከፈት፤ በተዘጋ ቤት የከሰል ፍም ጢሱ ሳይታይ ሰውን ይገድላል።