ወተት ሆድዎን ቢያውክ ላሚቱን አይሽጡ

ትኩስ ወተት ጠጥተው አንድ ሁለት ሰዓት ሳይቆይ ሆድዎ ይነፋል? ይጮኻል? ይቆርጥዎታል? ወይስ ያስቀምጥዎታል? እንዲህ የሚሆን ሰው በየመንደሩ አለ። አንዱ «የወስፋት ነገር ነው» እያለ በየጊዜው መድኃኒት ይገዛል። ሌላው ላሚቱን ይጠረጥራል። ሦስተኛው ደግሞ ከወተት የሚገኘውን ሁሉ እርም ብሎ ይተውና ልጆቹንም ይከለክላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ገንዘብ ይባክናል፤ በቤት ያለ ሲሳይም ሳይበላ ይቀራል። ስለዚህ የነገሩን ምክንያት ማወቅ ይገባል። መፍትሔውም ሩቅ አይደለም፤ ከራስዎ ማጀት ይገኛል።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

በወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። በአንድ ሊትር የላም ወተት ውስጥ ከ45 እስከ 50 ግራም ያህል ይገኛል። ይህ ስኳር ወደ ደም ከመግባቱ በፊት በቀጭን አንጀት ውስጥ ለሁለት መከፈል አለበት። የሚከፍለውም አንጀት ራሱ የሚያዘጋጀው ላክቴስ የተባለ ቅመም ነው። ሕፃን የእናቱን ጡት ስለሚጠባ ይህ ቅመም በብዛት አለው። ጡት ከተወ በኋላ ግን በብዙ ሰው ዘንድ ቅመሙ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል።

ከዓለም አዋቂዎች መካከል ሁለት ሦስተኛው ያህል እንዲህ ናቸው። ከጥንት ጀምሮ ወተት ዋና ምግባቸው በሆነ አንዳንድ አርቢ ሕዝቦች ዘንድ ግን ቅመሙ እስከ እርጅና የሚቆይላቸው ሰዎች ይበዛሉ። እንግዲህ ይህ ከትውልድ የሚወረስ ጠባይ ነው እንጂ ተላላፊ በሽታ አይደለም፤ የሚያሳፍርም ነገር የለውም።

ያልተከፈለው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። በዚያ የሚኖሩት ጥቃቅን ነፍሳት ያቦኩታል። እርሾ የገባበት ሊጥ አረፋ እያወጣ እንደሚነፋ ሁሉ ሆድም በነፋስ ይሞላል። ስኳሩ ውሃ ስለሚስብም ተቅማጥ ያመጣል።

እንዴት ይታወቃል?

ለሁለት ሳምንት ወተትና የወተት ውጤት የሆነውን ሁሉ ይተዉና ሆድዎን ይመልከቱ። ከዚያ በኋላ በባዶ ሆድ አንድ ብርጭቆ የፈላ ወተት ይጠጡ። በተዉበት ጊዜ ተሽሎዎት፣ ሲጠጡ ያው ሕመም ከተመለሰ ምክንያቱ ወተቱ ሳይሆን አይቀርም። ዐቢይ ጾምን የሚጾም ሰው ይህን ፈተና ሳያውቀው በየዓመቱ ይፈተናል። በጾሙ ወራት ሆዱ ሰላም ይሆናል፤ ፋሲካ ሲውል ይታወካል፤ እርሱም በሥጋው ያመካኛል። ከሥጋው ጋር ወተት ጠጥቶ እንደ ሆነ ያስታውስ።

ነገር ግን ጃርዲያና አሜባም ይህን የመሰለ የሆድ ሕመም ያመጣሉ። ወተት ትተውም ካልተሻለዎት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ደም ያለበት ዓይነ ምድር፣ ትኩሳት ወይም መክሳት ከታየ ግን ፈተናውን አይጀምሩ፤ ቶሎ ይመርመሩ። ወተት ሲቀምስ ሰውነቱ የሚያብጥ፣ የሚያሳክከው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው፤ አለርጂ ይባላል። እርሱ ወተትን ከነውጤቱ ፈጽሞ ይተው፤ ሐኪምም ያማክር።

ማጀት የሚሠራው መድኃኒት

እናቶቻችን ወተትን ማርጋትና መናጥ ያወቁት የላክቶስ ስም ሳይሰማ ነው። ሥራቸው ግን ስኳሩን ይቀንሳል። ይኸውም እንደሚከተለው ነው።

1. እርጎ። ወተቱ ሲረጋ ጥቃቅን ነፍሳት ከስኳሩ ከፊሉን ወደ ኮምጣጣነት ይለውጡታል። ከእርጎው ጋር ወደ ሆድ የገቡትም የቀረውን ስኳር በመክፈል ያግዛሉ። ስለዚህ እርጎውን መልሰው አያፍሉ።

2. አይብ። ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራው በዝግታ ሲሞቅ አይቡ ይሰበሰባል፤ ከስኳሩ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይወጣል። በደንብ የተጠለለ አይብ ብዙ ጊዜ ሆድ አያውክም። አጓቱን ግን ሆዱ የሚታወክ ሰው አይጠጣው።

3. ቅቤ። ስኳሩ እጅግ ጥቂት ነው፤ በንጥር ቅቤ ውስጥ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል።

ጥሩ እርጎ ለማግኘት ወተቱን አፍልተው ለብ እስኪል ያብርዱ። በአንድ ሊትር ላይ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ደኅና እርጎ ይጨምሩ። በሚገባ ታጥቦ በወይራ በታጠነ ዕቃ ከድነው ሙቀት ባለበት ስፍራ ያኑሩት። በቆላ በማግስቱ ይደርሳል፤ በደጋ ሊዘገይ ይችላል። ማፍላቱን አይተዉ፤ ጥሬ ወተት የከብት ነቀርሳንና ሌላም በሽታ ያስተላልፋልና።

የተለመዱ ስሕተቶች

ማፍላት በሽታን ይከላከላል እንጂ ስኳሩን አያጠፋም። ስቡን ማውጣትም አያጠፋውም። የፍየልና የግመል ወተትም ላክቶስ አላቸው፤ ስለዚህ እንስሳ መለወጥ መፍትሔ አይሆንም። የዱቄት ወተትም እንዲሁ ነው።

ሁሉን ወተት መተውም አያስፈልግም። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እስከ 12 ግራም ላክቶስ፣ ማለትም አንድ ሩብ ሊትር ያህል ወተት፣ ከምግብ ጋር ከወሰደው ይችለዋል። በግማሽ የሻይ ብርጭቆ ይጀምሩ፤ ከቂንጬ ወይም ከገንፎ ጋር ይውሰዱት፤ ሆድዎ የሚችለውን ልክ ራስዎ ያገኙታል።

ወተት ለማይችል ሰው ምን ይቅረብለት?

ወተት ለአጥንት የሚሆን ካልሲየም ይሰጣል፤ በ100 ግራም ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ያህል አለ። ይህን ከእርሻዎ ሊያገኙት ይችላሉ። በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 150 ሚሊ ግራም ያህል፣ በዳጉሳ ውስጥ ደግሞ ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ይገኛል። ሰሊጥና ጎመንም ጥሩ ናቸው። ሥጋ ገንቢ ምግብ ከሽሮ፣ ከምስር፣ ከባቄላና ከእንቁላል ይገኛል። የጾም ማዕድ ለዚህ ሰው ተዘጋጅቶ የቆየ ያህል ነው። ይሁን እንጂ የሱፍ ውሃ መልኩ ወተት ቢመስልም የወተትን ያህል ካልሲየም የለውም፤ ዳጉሳውን ወይም ጎመኑን ይጨምሩበት።

ስለ ሕፃናት

የእናት ጡት ወተት ከላም ወተት የበለጠ ላክቶስ አለው፤ ሕፃኑ ግን ይችለዋል። ስለዚህ ሕፃን ቢያስቀምጠው ጡት አይከልክሉት። ማጥባቱን ይቀጥሉ፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይስጡት፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይውሰዱት። ከብርቱ ተቅማጥ በኋላ አንዳንድ ሕፃን የላም ወተት ለጥቂት ሳምንት ላይስማማው ይችላል፤ አንጀቱ ሲድን ይመለስለታል።

ለልማት ሠራተኞች

ስለ ወተት ስታስተምሩ «ሁላችሁም በየቀኑ አንድ ብርጭቆ ጠጡ» አትበሉ። ሆዱ የሚታወክ ሰው ምክራችሁን አንድ ጊዜ ሞክሮ ከታመመ ሌላውንም ምክራችሁን አይሰማም። አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከዚያም የእርጎውንና የአይቡን አሠራር በገበሬው ቤት፣ ወተቱን ከሚይዙት ሴቶች ጋር ሆናችሁ አሳዩ።

እንግዲህ ላሚቱ ጥፋት የለባትም። ትኩሱን ለሚችሉት ይስጡ፤ ለራስዎ እርጎውንና አይቡን ይያዙ። የማትሸጠው ላም ለቤቱ ሁሉ ትበቃለች።