የፍሬን ዲስክ ቢቀል መኪና ይፈጥናልን?

ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ በዓባይ ሸለቆ ቁልቁለት ወደ ድልድዩ የወረደ መንገደኛ ሁሉ፣ ከፊቱ የሚሄደው የጭነት መኪና በየጠመዝማዛው ፍሬኑን ሲረግጥ ከጎማዎቹ መካከል የሚወጣውን፣ የተቃጠለ ሸራ የሚሸተውን ያን የሚያፍን ጠረን ያውቀዋል። ልምድ ያለው ሾፌር በዚያ ሥፍራ ማርሹን ዝቅ አድርጎ መኪናውን በሞተሩ ኃይል እየያዘ ይወርዳል እንጂ በፍሬኑ ብቻ ተማምኖ አይወርድም፤ ይህንንም የሚያደርገው የሥነ ፍጥረት ሕግ የተጻፈበትን መጽሐፍ አንብቦ ሳይሆን፣ የጋለ ፍሬን እንደሚከዳ ከእርሱ በፊት ከነዱት ሰዎች በቃል ተቀብሎ ነው። ለፈጣን መኪና ተብሎ የሚሸጠው ቀላል የፍሬን ዲስክ በእውነት ይጠቅማልን የሚለውን ጥያቄ ለመመርመር ከዚህ ጠረን የተሻለ መነሻ አላገኘሁም፤ የፍሬን ነገር በመሠረቱ የግለት ነገር ነውና።

የስፖርት መኪና ባለቤቶች ከፋብሪካ የመጣውን፣ ሁለንተናው ከብረት የተሠራውን ዲስክ አስወልቀው ቀላሉን ሲያስገጥሙ ሦስት ነገር ተስፋ ያደርጋሉ፤ ይኸውም መኪናቸው ፈጥኖ እንዲነሣ፣ ፈጥኖ እንዲቆም፣ ለመሪም ይበልጥ እንዲታዘዝ ነው። ሦስቱ ተስፋዎች በአንድ ስም ተጠቅልለው ስለሚሸጡ ገዢው አንዱን ሲያምን ሁሉንም ያምናል፤ እኔ ግን አንድ በአንድ ፈትቼ በየራሳቸው ሚዛን ላስቀምጣቸው እወዳለሁ።

አስቀድሞ ዲስክ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር ለዲስክ ፍሬን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1902 ሲሆን፣ አሳቡ ግን ከዘመኑ ቀድሞ የመጣ ስለ ነበር መኪኖች ለብዙ ዓሥርት ዓመታት በታምቡር ፍሬን ሲቆሙ ኖሩ። ታምቡር ሲግል እየሰፋ ከውስጥ ከሚገፋው ሸራ ይርቃል፤ በዚህም የተነሣ ፍሬን በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት የሾፌሩ እግር ወደ ታች ይሰምጣል። ዲስክ ግን ሲግል ቢወፍር ግራና ቀኝ ወደሚቆነጥጡት ሸራዎች ይጠጋል እንጂ አይርቅም፤ በነፋስም ፊት ዕራቁቱን ስለሚሽከረከር ግለቱን ቶሎ ያራግፋል። ጃጓር በ1953 በፈረንሳይ አገር በሚደረገው የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ዳንሎፕ የሠራውን ዲስክ ፍሬን በሲ ታይፕ መኪናው ላይ ገጥሞ ባሸነፈ ጊዜ፣ መሐንዲሶች ሲከራከሩበት የኖሩት ነገር በሕዝብ ፊት ተፈረደ፤ ተፎካካሪዎቹ ፍሬናቸው እንዳይከዳቸው አስቀድመው ፍጥነታቸውን ሲቀንሱ፣ የጃጓር ነጂዎች እስከ መታጠፊያው አፋፍ ድረስ በሙሉ ኃይል ይገሠግሡ ነበርና።

እንግዲህ ዲስክ የሚያቆም መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የግለት ዕቃ፣ የግለት ጎተራ ነው። ምን ያህል ግለት እንደሚቀበል ለማወቅ አንድ ስሌት ይበቃናል። 1400 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የተሸከመው ኃይለ እንቅስቃሴ 2.16 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ቍጥሩ ብቻውን ለአንባቢ ብዙ ስለማይነግረው በሚታወቅ ነገር ልመስለው፤ ይህ ኃይል ስድስት ሊትር ተኩል የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ጎማው ጥሩ፣ አስፋልቱም ደረቅ ከሆነ መኪናው ስድስት ሴኮንድ በማይሞላ ጊዜ ስለሚቆም፣ በምድጃ ላይ ብዙ ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ በስድስት ሴኮንድ ውስጥ በአራት ዲስኮች ላይ ይወርዳል፤ ጥቂቱን ነፋሱ ቢወስደውም የቀረው በፈረስ ጉልበት ሲሰላ በመቶዎች ይቈጠራል። ይኸው መኪና ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ ደግሞ ከ1000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስለሚለቅ፣ ቀስ ብሎ ቢወርድም እንኳ ከ13 ሚሊዮን ጁል በላይ ማስወገድ ይኖርበታል፤ ይህም በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሮጡ ስድስት ጊዜ ከመቆም ይበልጣል። የልምድ ሾፌሮቻችን ማርሽ የሚይዙበት ምሥጢር በዚህ ቍጥር ውስጥ ይገኛል።

መኪና ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ከግለቱ ሰባ በመቶ ያህሉ በፊተኞቹ ሁለት ዲስኮች ላይ ይወድቃል። የአንዱ ፊተኛ ዲስክ የሚታሸው ቀለበት 10 ኪሎ የሚመዝን ብረት ከሆነ፣ ከላይ ባሰላነው አንድ ማቆም ግለቱ በ150 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ ቀለበቱን ወደ 7 ኪሎ ያቀለልነው እንደ ሆነ ግን ያው አንድ ማቆም በ215 ዲግሪ ያህል ያግለዋል። በውድድር መንገድ ላይ በያንዳንዱ ዙር ብዙ ጊዜ ፍሬን ስለሚያዝ፣ ቀለበቱ ሳይበርድ ሌላ ግለት ይደረብበታል። የግለቱ አማካይ መጠን የሚወሰነው በነፋሱና በዲስኩ ውስጥ ባሉት የአየር መተላለፊያዎች ነው፤ ግለቱ ጫፍ የሚደርስበት ከፍታ ግን የሚወሰነው በብረቱ ብዛት ነው፤ ሸራውን የሚያቃጥለው፣ ዲስኩን የሚሰነጥቀውም ይህ ጫፍ ነው።

ስለዚህ ክብደቱ ከየት ተቀነሰ ብሎ መጠየቅ፣ ስንት ተቀነሰ ብሎ ከመጠየቅ ይቀድማል። ጥሩ አድርገው የሚሠሩት ሰዎች ዲስኩን ለሁለት ከፍለው፣ ሸራው የማይነካውን በመካከል ያለውን ቆብ መሰል ክፍል ከአሉሚኒየም፣ የሚታሸውን ቀለበት ግን እንደ ቀድሞው ከሙሉ ብረት ይሠሩታል፤ በዚህ ዘዴ ከአንድ ዲስክ ላይ አንድም ሁለትም ኪሎ ሲቀነስ ከግለት ጎተራው አንዳች አይጐድልም፤ ቀለበቱም በግለት ሲሰፋ ከቆቡ ጋር ስለማይታገል እንደ ሣህን አይጐብጥም። ሌላው መንገድ ቀለበቱን ራሱን ማሳሳት፣ ወይም እንደ ወንፊት መብሳት ነው፤ ቀዳዳዎቹ ዝናብ ሲዘንብ ውሃውን ለማስወገድ ይረዳሉ፤ ዳሩ ግን በከባድ ግለት ጊዜ ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳው ከንፈር ነው። በዚህ ነገር የኛ አገር ጋራዦች የሚያውቁት አንድ እውነት አለ። ዲስክ ሲያረጅ ወይም ሲወላገድ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በዲስኩ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት በቍጥር ተቀርጾ ይገኛል፤ ከዚያ በታች የተላጠ ዲስክ መጣል አለበት። የተበላ ዲስክ ቀላል ዲስክ ነው። በመበላቱ ያገኘውን ቅለት ግን ማንም ሰው እንደ ጸጋ ቈጥሮት አያውቅም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ተስፋ፣ ወደ መፍጠን እንምጣ። ከሚሽከረከር ነገር ላይ የተቀነሰ አንድ ኪሎ ከመኪናው ገላ ላይ እንደ ተቀነሰ አራት ወይም አምስት ኪሎ ነው እየተባለ በብዙ ሥፍራ ይነገራል፤ ይህ አነጋገር ግን ከሒሳብ ፊት ሲቀርብ አይቆምም። የሚሽከረከር አካል ሁለት ሥራ ይጠይቃል፤ አንደኛው ከመኪናው ጋር ወደ ፊት መሄድ፣ ሁለተኛው በራሱ ዙሪያ መዞር ነው። ክብደቱ በሙሉ በጎማው ጠርዝ ላይ፣ መሬት በሚነካበት ርቀት ቢገኝ እንኳ የመዞሩ ሥራ ከመሄዱ ሥራ ጋር እኩል ይሆናል እንጂ አይበልጥም፤ ስለዚህ አንድ ኪሎ ቢበዛ እንደ ሁለት ኪሎ ይቈጠራል፤ ከዚህ ወዲያ አያልፍም። ዲስኩ ደግሞ ከመካከሉ ብዙ ስለማይርቅ አንዱ ኪሎው አንድ ኪሎ ከሩብ እንኳ አይሞላም። ከአራቱ ዲስኮች በድምሩ 8 ኪሎ ቢቀነስ፣ መኪናው 9 ኪሎ ያህል እንደ ቀለለ ይቈጠራል፤ ይህም ከ1400 ኪሎ ውስጥ ከአንድ በመቶ ያነሰ ነው። ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመድረስ አምስት ሴኮንድ የሚፈጅ መኪና ከዚህ የሚያተርፈው የሴኮንድ ሦስት መቶኛ ያህል ነው፤ ይህን ያህል ትርፍ በነዳጅ ጋኑ ውስጥ 12 ሊትር ያህል ቤንዚን አጉድሎ በመሄድም ያለ ወጪ ማግኘት ይቻላል።

ሁለተኛው ተስፋ፣ ፈጥኖ መቆም፣ ከሁሉ ይልቅ መሠረት የሌለው ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ሰዎች ነፍሳቸውን አደራ የሚሰጡበት ስለ ሆነም አጥብቄ ልናገርበት እወዳለሁ። መኪናን የሚያቆመው በመጨረሻ ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ያለው መያያዝ ነው። ከፋብሪካ የወጣ ደኅና ፍሬን ሁሉ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ለመያዝ የሚበቃ ጉልበት አለው፤ ጎማው እንዳይንሸራተት የሚጠብቅ መሣሪያም የተሠራለት ስለዚሁ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና ጥሩ ጎማ ይዞ በደረቅ መንገድ ላይ ወደ 40 ሜትር በሚጠጋ ርቀት ይቆማል፤ ዲስኩ ከወርቅ ቢሠራ ይህ ርቀት አይለወጥም። አንድ ወንድሜ ለዚህ ጉዳይ የሚያወጣው ገንዘብ አለኝ ብሎ ቢያማክረኝ፣ አስቀድሞ ጎማውን፣ ቀጥሎ ሸራውን፣ ከዚያም ብዙ ሰው የሚረሳውን የፍሬን ዘይት አስብ እለዋለሁ። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ደንቡ ያዝዛል፤ ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ሲያረጅ ግን የመፍያው ልክ እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም ሲጫኑት ስለሚኮማተር ሾፌሩ ቢረግጥ ቢረግጥ ፍሬኑ አይይዝለትም። ዘይት ማስለወጥ ከዲስክ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ወጪው እጅግ ትንሽ ነው።

ሦስተኛው ተስፋ ግን እውነት አለው። ጎማው፣ ቸርኬው፣ ዲስኩና ከእነርሱ ጋር ያለው ሁሉ በሞላ ያልተደገፈ ክብደት ነው፤ መንገዱ ሲነሣና ሲወድቅ ይህ ክብደት አብሮ መነሣትና መውደቅ አለበት። የከበደ ጎማ ጕብታ ሲመታው ወደ ላይ ይዘላል፤ ሞላው ወደ መሬት እስኪመልሰው ድረስም ለጥቂት ጊዜ መንገዱን ይለቃል፤ መንገድ የለቀቀ ጎማም ማቆምም መጠምዘዝም አይችልም። ከያንዳንዱ ጎማ ሁለት ኪሎ ሲቀነስ መኪናው በሸካራ መንገድ ላይ ይበልጥ ይረጋጋል፤ መሪውም የመንገዱን ጠባይ ይበልጥ አጥርቶ ለእጅ ይነግራል። ይህን ለውጥ ብዙ ጊዜ የሚነዳ ሰው እጅ ታውቀዋለች፤ ሰዓት መያዣው ግን እምብዛም አያየውም። እኔም ዲስኩ ያረጀበትን ሰው፣ ባለ አሉሚኒየም ቆቡን ግዛ ብዬ የምመክረው ለዚህ ብቻ ነው።

የብረትን ሕግ ያለፈ የሚመስለው የካርቦንና የሴራሚክ ድብልቅ ዲስክ ነው። ፖርሽ በ2001 በ911 ጂቲ2 መኪናው ላይ ያወጣው ይህ ዐይነት ዲስክ ክብደቱ ከብረቱ እኩሌታ ያህል ሲሆን፣ ብረት የማይችለውን ግለት ይችላል። ነገር ግን ቅለቱ ያለ ዋጋ አልተሰጠም። ድብልቁ በአንድ ኪሎ ከብረት የበለጠ ግለት ቢይዝም፣ እጅግ ቀላል ስለ ሆነ በይዘቱ ልክ ሲታይ የሚይዘው ከብረት ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ዲስኩን ማተለቅ የግድ ይሆናል። በ2013 በወጣው 911 ጂቲ3 ላይ የፊቱ ብረት ዲስክ 380 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሴራሚኩ 410 ሚሊ ሜትር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ዋጋው በብዙ ሺህ ዶላር የሚቈጠር በመሆኑ፣ ጎማ ሲፈታና ሲታሰር ቸርኬው ጠርዙን እንዳይመታው መጠንቀቅ ስለሚያሻ፣ በውድድር መንገድ ላይ አዘውትረው የሚነዱ ብዙ ባለቤቶች ሴራሚኩን አስወልቀው በቤታቸው እያስቀመጡ በብረት ዲስክ ይነዳሉ።

ስለ ቅለት ስናገር በአሳቤ የምትመላለስ መኪና ሎተስ ኢሊዝ ናት። በ1996 መሠራት ስትጀምር ክብደቷ 725 ኪሎ ያህል ነበር፤ ከአሉሚኒየም ተሠርቶ በሙጫ የተጣበቀው አጽሟ 68 ኪሎ ብቻ ይመዝን ነበር። መሐንዲሶቿ የፍሬን ዲስኳንም በሴራሚክ ብናኝ ከተጠናከረ አሉሚኒየም አሠሩት። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ የሚቀልጥ ነውና ለከባድ መኪና የማይታሰብ ነገር ነበር፤ እርሷ ግን ከሌላው የስፖርት መኪና እኩሌታ ያህል ስለምትመዝን፣ በእኩል ፍጥነት ስትቆም በዲስኮቿ ላይ የሚወርደው ግለትም እኩሌታው ነበር፤ ዲስኩ እንዲቀል የፈቀደለት የመኪናይቱ ቅለት ነው እንጂ መኪናይቱን ያቀለላት ዲስኩ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሎተስ ያን ዲስክ ትቶ በኢሊዝ ላይ የተለመደውን የብረት ዲስክ ገጠመ፤ መኪናይቱም ጥቂት ኪሎ ጨምራ፣ ነጂዎች የወደዱላትን ቅልጥፍና እንደ ያዘች በተራራው መንገድ መጠምዘዟን ቀጠለች።