ጥሎሹን ነፋስ ሊበላው ነበር!

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ፍቅርም፣ ስለ መኪናም ነው። “ሁለቱን ምን አገናኛቸው?” እንዳትሉኝ። ስሙኝና ፍረዱ።

አንድ የአራዳ ልጅ ጓደኛ አለኝ። ስሙ ይቆየን። ሠርጉ ሦስት ወር ቀርቶታል። ባለፈው ቅዳሜ አምስት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣን “ለሠርጉ ካጠራቀምኩት ላይ ነካ አድርጌ የመኪናዬን ሞተር በትልቅ ላስቀይር ነው” አይለኝም! ክው አልኩ። መኪናዋ ቪትዝ ናት፤ 1 ሺህ ሲሲ፣ ወደ 70 የፈረስ ጉልበት ያላት።

“ምን ሆነችብህ?” ብለው፣ “የፍጥነት ቆጣሪዋ ላይ 180 ተጽፏል፤ በአዳማው ፈጣን መንገድ ግን 140 ስትደርስ ታቃስታለች” አለኝ። የመንገዱ ገደብ 120 መሆኑን ሳስታውሰው ሳቀ። እጮኛው ግን አልሳቀችም። “ሁለተኛ በአንተ መኪና አዳማ አልሄድም” ብላ አኩርፋዋለች።

እኔ ፊዚክስን የተሰነባበትኩት ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጋር ነው። ደግነቱ ከጎናችን አንድ የዚያው የአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ተቀምጦ ነበር። “ይቅርታ ወንድሞቼ፣ ሞተሯ ጤነኛ ነው። የያዛት አየሩ ነው” ብሎ ጣልቃ ገባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በነፋስ ቀን ጥላ ዘርግታችሁ ወደ አራት ኪሎ ስትወርዱ ጥላው ወደ ኋላ ይጎትታችኋል አይደል? መኪናም ስትሮጥ አየሩን በግንባሯ እየገፋች ነው። ፍጥነቷ ከ60 ወደ 120 እጥፍ ሲያድግ፣ የአየሩ ግፊት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ያንን አራት እጥፍ የከበደ ነገር ደግሞ በሁለት እጥፍ ፍጥነት መግፋት አለባት። ስለዚህ ለአየሩ ብቻ የምታወጣው ጉልበት ስምንት እጥፍ ነው!

ሞተሩ ያለውን ጉልበት በሙሉ አየሩና ጎማው የጨረሱት ቀን መኪናዋ “በቃኝ” ትላለች። ቪትዟ 150ን አለፍ ስትል በቃኝ የምትለው ለዚህ ነው። ቆጣሪው ላይ የተጻፈው 180 ቁጥር እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም።

“ታዲያ ትልቅ ሞተር ነዋ!” አለ ጓደኛዬ። ልጁ ፈገግ ብሎ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣውን ቡጋቲ ቬይሮን ጠቀሰለት። 1 ሺህ 1 የፈረስ ጉልበት አለው፤ የቪትዟን 14 እጥፍ ማለት ነው። ከፍተኛ ፍጥነቱ 407 ነው፤ የእሷን ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ፍጥነትን በአንድ አሥረኛ ብቻ ለመጨመር ጉልበትን በሲሶ ያህል ማሳደግ ያስፈልጋል።

ጓደኛዬ አልተሸነፈም። “የአዲስ አበባ ከፍታ ነው ያደከማት” አለ። እውነት አለው፤ እዚህ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ይደክማል። ግን የሚገፋውም አየር በዚያው ልክ ሳስቷል። ወደ አዳማ ሲወርድ ሞተሩ ትንፋሽ ያገኛል፣ አየሩም ይወፍራል። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መቀበል!

ከዚያ ልጁ ውጭ የቆመችውን መኪና በአገጩ አሳየው። “ጣራዋ ላይ ያለው ፖርቶ መጋላ ምን ይሠራል?” ጓደኛዬ “ለግርማ ሞገስ” አለ። ባዶውን እንኳ አየር ይይዛል፣ ቤንዚን ይበላል። እሱን መፍታት ሳንቲም አያስወጣም።

እኔ ደግሞ ናፕኪን ላይ ሒሳብ ሠራሁ። 80 ኪሎ ሜትር በ100 ሲነዳ 48 ደቂቃ ነው፤ በ140 ሲነዳ 34። ትርፉ 14 ደቂቃ! ለዚህ ሲባል በየኪሎ ሜትሩ ለአየሩ የሚከፈለው እጥፍ ይሆናል። ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚኬደውም ርቀት እንዲሁ እጥፍ ገደማ ነው። ቤንዚኑስ ይገዛል፤ ድንገት ከፊት ላይ ከብት ቢገባ ግን ያ ርቀት ከየት ይገዛል? እጮኛው የፈራችው ይህንኑ ነበር፤ ቀመሩን ሳትማር።

ጓደኛዬ ዝም አለ። ማኪያቶውን ጨርሶ ቁልፍ ተበደረና ፖርቶ መጋላውን እዚያው ፈታው። ማታ ደወለላት። “በ100 የምትነዳ ከሆነ እመጣለሁ” አለችው። የሠርጉ ብር አልተነካም፤ እኔም የጥሪ ካርዴን እየጠበቅሁ ነው።

እናንተስ፣ ጣራችሁ ላይ ምን ተሸክማችኋል? ቸር ይግጠመን!