ሞደም፦ ለስልክ መስመር ቁጥር ያስተማረው ሳጥን

በ1990ዎቹ በስልክ መስመር ኢንተርኔት የተጠቀመ ሰው ያንን ጩኸት ያውቀዋል። ኮምፒውተሩ ይደውላል፣ ወዲያ ማዶ ያለው ያነሳል፣ ከዚያ ፉጨትና ጫጫታ ይከተላል። ብዙዎች ጆሯቸውን ይይዙ ነበር። እኔ ግን እስካሁን እወደዋለሁ፤ ሁለት ሞደሞች በመካከላቸው ያለውን መስመር አቅም እየመረመሩ ሲደራደሩ የሚሰማ ነውና።

የስልክ መስመር የተዘረጋው ለሰው ድምፅ ነው። የሚያሳልፈው በግምት ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ያለውን ብቻ ሲሆን ለንግግር ይበቃል። የኮምፒውተርን የ0 እና የ1 የኤሌክትሪክ ምት ግን እንዳለ ማድረስ አይችልም። ሞደም በአንዱ ጫፍ ቁጥሩን ወደ ድምፅ ይለውጣል፤ በሌላው ጫፍ ያለው ሞደም ደግሞ ድምፁን ወደ ቁጥር ይመልሳል። ኤቲ ኤንድ ቲ እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጣው ቤል 103 ሥራውን በአራት ድምፆች ይጨርስ ነበር። ደዋዩ 0ን በ1070፣ 1ን በ1270 ሄርዝ ያሰማል፤ ተቀባዩ በ2025 እና በ2225 ይመልሳል። ድምፆቹ ስለማይነካኩ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይናገራሉ። ፍጥነቱ በሰከንድ 300 ቢት፣ ማለትም 30 ፊደል ገደማ ነበር።

ወደ ጩኸቱ ልመለስ። ተቀባዩ መጀመሪያ የሚለቀው ረጅም ፉጨት 2100 ሄርዝ ነው። የስልክ ድርጅቶች ተናጋሪው የራሱን ድምፅ እንደ ገደል ማሚቶ መልሶ እንዳይሰማ በመስመሩ ላይ ማፈኛ ይተክላሉ፤ ፉጨቱ ማፈኛውን ያጠፋዋል። ቀጥሎ ሞደሞቹ የሚችሉትን ፍጥነት ይነጋገራሉ፤ የሙከራ ድምፅ ልከውም መስመሩ ምን ያህል እንደሚያዛባው ይለካሉ። ያው ሞደም በአንዱ ቤት ፈጥኖ በሌላው የሚንቀረፈፈው ለዚህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የሞደም መስፈርት በሰከንድ 56 ኪሎቢት ደረሰ። በዚያ ፍጥነት አራት ሜጋባይት ዘፈን ለማውረድ አሥር ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ እስኪያልቅም የቤቱ ስልክ ተይዟል።

ቀጥሎ የተስፋፋው ኤዲኤስኤል የተባለው ዘዴ ያንኑ የስልክ የመዳብ ሽቦ ሳይቀይር፣ ድምፅ የማይደርስበትን እስከ 1.1 ሜጋ ሄርዝ ያለውን ስፍራ ተጠቀመበት። ስፍራውን በ256 ጠባብ መስመሮች ይከፍላል፤ በጠራው ላይ ብዙ ቢት ይጭናል፣ የሚረብሸውን ይዘለዋል። ስለዚህ ኢንተርኔትና ስልክ ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ስልኩ ላይ የምትሰካው ትንሿ ማጣሪያም ሁለቱን ትለያለች። ነገር ግን ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ በመዳብ ላይ ሩቅ አይሄድም። ከስልክ ጣቢያው ጥቂት ኪሎ ሜትር የራቀ ቤት በቅርብ ያለው የሚያገኘውን ያህል ፍጥነት አያገኝም።

በፋይበር ድምፁም ኤሌክትሪኩም ይቀራሉ፤ የሚጓዘው ብርሃን ነው። ቤት የሚገባው እንደ ፀጉር የቀጠነ የብርጭቆ ክር በአንድ የብርሃን ሞገድ ይቀበላል፣ በሌላ ይልካል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ሳጥን ብዙ ሰው «ዋይፋይ» ይለዋል። ውስጡ ግን ሁለት ሥራ አለ፤ ሞደሙ ከውጭ የመጣውን ይተረጉማል፣ ራውተሩ ለቤቱ ያከፋፍላል። ስልክዎ ላይ ዋይፋዩ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔት ከሌለ፣ ከራውተሩ ይልቅ ወደ ውጭ የሚሄደውን መስመር ይጠርጥሩ። «ሎስ» የሚለው መብራት ከቀላ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው፤ ገመዱ ተቆርጦ ወይም ከልክ በላይ ታጥፎ ሊሆን ይችላል። ሳጥኑን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት የተቆረጠ ገመድ አይቀጥልም።

ሲም የሚወስደው ዶንግልና የኪስ ስልካችንም ሞደም አላቸው፤ መስመራቸው የሬዲዮ ሞገድ ነው። የሳተላይት ሞደም መንገድ ከሁሉም ይረዝማል። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ያለች ሳተላይት ዘንድ ጥያቄው ወጥቶ ይወርዳል፣ መልሱም እንደዚያው። በብርሃን ፍጥነት እንኳ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ፊልም ለሚያወርድ ሰው ምንም አይደለም፤ በስልክ ለሚነጋገሩ ግን ቃል ከቃል ይጋጫል። ወደ 550 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብለው የሚዞሩት አዳዲሶቹ ሳተላይቶች ይህን መዘግየት በብዙ ቀንሰውታል።